ድምፅ የማይቆጠርበት ጉባኤ፤ የምዕራብ ኬንያ ኩዌከሮች፣ የጋራ ሀብታቸውና የመጪው ምርጫ ፈተና

ኬንያ በነሐሴ 2027 ጠቅላላ ምርጫ ታካሂዳለች። በዚያች አገር ምርጫ ሲቃረብ ፖለቲከኞች ከሚያንኳኳቸው በሮች አንዱ የቤተ ክርስቲያን በር ነው። በምዕራብ ኬንያ ኮረብታማ መንደሮች ደግሞ ያ በር ብዙ ጊዜ የ«ወዳጆች ቤተ ክርስቲያን» በር ሆኖ ይገኛል። አባላቱ በተለምዶ ኩዌከሮች ተብለው ይጠራሉ። ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑት በኬንያ የሚኖሩ ሲሆን፣ በዓለም ላይ በአንድ አገር ከሚኖሩ የኩዌከር ምእመናን ሁሉ በቁጥር የሚበልጡት እነርሱ ናቸው። በዓለም ያሉት በድምሩ 400 ሺህ አይሞሉም።

እነዚህ ምእመናን በየአካባቢያቸው በዓመት አንድ ጊዜ ትልቅ ጉባኤ ይቀመጣሉ። በቆሎና ሻይ የሚያመርተው አርሶ አደር፣ የገጠር መምህሩ፣ የከተማ ነጋዴውና ጡረተኛው በአንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። ይዘምራሉ፤ ስብከት ይሰማሉ፤ ከዚያም ስለ ገንዘብ፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሆስፒታልና ስለ መሬት ይነጋገራሉ። በደንባቸው መሠረት ውሳኔ የሚሰጠው እጅ ተቆጥሮ አይደለም። ሁሉም የሚቀበለው ሐሳብ እስኪገኝ ይጠበቃል፤ ካልተገኘም ጉዳዩ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል።

ይህ አሠራር ለሚመጣው የምርጫ ወቅት ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ ከአንድ ቤተ እምነት ጉዳይ ያለፈ ነው። የጋራ ሀብት ያለውና የተለያየ ጎሣ አባላትን የያዘ ማኅበር ገንዘብና ፖለቲካ ሲገቡበት እንዴት ሊጸና ይችላል የሚለውን የሚመለከት ነው። የምዕራብ ኬንያ ኩዌከሮች በዚህ ረገድ ከመቶ ዓመት በላይ የተከማቸ ልምድ አላቸው፤ ልምዱ ግን የስኬት ብቻ አይደለም።

ከእንግሊዝ እስከ ካይሞሲ

የኩዌከር እንቅስቃሴ በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጆርጅ ፎክስ በተባለ ሰባኪ አማካይነት በእንግሊዝ አገር ተጀመረ። ራሳቸውን «ወዳጆች» ብለው ይጠራሉ፤ «ኩዌከር» ማለትም «ተንቀጥቃጭ» የሚለው ስም ከነቃፊዎቻቸው የተሰጣቸው ነበር። በውኃ አያጠምቁም፤ በኅብስትና በወይን ቁርባን አይፈጽሙም፤ ጥምቀትና ቁርባን በመንፈስ የሚፈጸሙ ናቸው ብለው ያምናሉ። የጦር መሣሪያ ማንሳትን የሚቃወመው አቋማቸውም ከዚያው ዘመን የመጣ ነው። በ1947 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጠው ለእንግሊዝና ለአሜሪካ ኩዌከሮች የእርዳታ ድርጅቶች ነበር።

በ19ኛው መቶ ዘመን እንቅስቃሴው በአሜሪካ ተከፋፈለ። ከፊሉ ያለ ሰባኪ በዝምታ ማምለኩን ቀጠለ። ሌላው ወገን የወንጌላውያንን መንገድ ተከትሎ መጋቢ፣ ስብከትና መዝሙር ያለበትን አምልኮ ያዘ፤ ወንጌል መስበክንም ዋና ሥራው አደረገ። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጡት ሚስዮናውያን ከዚህ ሁለተኛው ወገን ነበሩ። ዛሬ ከቀኝ ግዛት ዘመን በፊት ያልነበሩት የአፍሪካ ኩዌከሮች ከዓለም አባላት እኩሌታ ገደማ መሆናቸው የዚያ ጉዞ ውጤት ነው።

በ1902 ዊሊስ ሆችኪስ፣ አርተር ቺልሰንና ኤድጋር ሆል የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን በዛሬዋ ቪሂጋ ካውንቲ ውስጥ በምትገኘው ካይሞሲ ሰፈሩ። ቦታው ከኪሱሙ ከተማ ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ ከምድር ወገብ አጠገብ ነው። ደንና የሚወርድ ውኃ ነበረው። ሚስዮናቸውን «የወዳጆች የአፍሪካ ኢንዱስትሪያል ሚስዮን» አሉት። «ኢንዱስትሪያል» የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልገባም። ሰዎች ከወንጌሉ ጋር የእጅ ሙያ ተምረው በራሳቸው እንዲተዳደሩ፣ ሚስዮኑም ከእርሻና ከእንጨት ሥራ ወጪውን እንዲሸፍን ታስቦ ነበር። በውኃ ኃይል የሚንቀሳቀስ የእንጨት መሰንጠቂያ ተተከለ፤ ትምህርት ቤትና ሕክምና ተከተሉ።

ጉባኤው እንዴት ይሠራል?

የኬንያ ኩዌከሮች አደረጃጀት ከታች ወደ ላይ የሚወጣ መሰላል ነው። መሠረቱ በየመንደሩ የሚሰበሰበው ምእመን ነው። ጥቂት የመንደር ጉባኤዎች ተሰባስበው ወርኃዊ ጉባኤ ይሆናሉ፤ ወርኃዊዎቹ ሩብ ዓመታዊ ጉባኤ ይመሠርታሉ፤ እነዚህ ሁሉ በዓመታዊ ጉባኤ ይጠቃለላሉ። ስለዚህ «ዓመታዊ ጉባኤ» የሚለው ስም ሁለት ነገር ይገልጻል። በአንድ በኩል በዓመት አንድ ጊዜ የሚካሄደው ስብሰባ ነው። በሌላ በኩል ንብረት የሚያስተዳድረው፣ መጋቢ የሚመድበውና ደንብ የሚያወጣው ቋሚ ተቋም ነው።

ጉባኤውን የሚመራው ሰው በደንቡ የሚጠራው «ጸሐፊ» ተብሎ ነው። ሊቀ መንበር የሚባል የለም። ሥራውም በስሙ ውስጥ አለ። ጉዳዩ ይቀርባል፤ ተሰብሳቢዎች በየተራ ይናገራሉ፤ ጸሐፊው ሐሳቡ ወደ አንድ አቅጣጫ ማዘንበሉን ሲረዳ ቃለ ጉባኤውን እዚያው ያረቅቃል፤ ረቂቁም ለተሰብሳቢው ይነበባል። ቅር ያለው ሰው ይነሳል፤ ቃላቱ ይታረማሉ። ሐሳቡን ባይደግፍም የብዙዎችን መንገድ መዝጋት የማይፈልግ አባል ራሱን ገለል ማድረግ ይችላል። ስምምነት ከጠፋ ግን ጉዳዩ ይቆያል።

በኢትዮጵያ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተቀመጠ አርሶ አደር ልዩነቱን በቀላሉ ይረዳዋል። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚመሩት አንድ አባል አንድ ድምፅ በሚለው መርሕ ነው። አብላጫው ወሰነ ማለት ጉዳዩ አበቃ ማለት ነው። የኩዌከሮቹ መንገድ ከዚህ ይልቅ ለሽምግልና ይቀርባል። ሽማግሌዎች ድምፅ ቆጥረው አይፈርዱም፤ ሁለቱም ወገኖች ሊቀበሉት የሚችሉት ነገር እስኪገኝ ድረስ ይቀመጣሉ።

መንገዱ ጥቅም አለው። ተሸናፊ ሆኖ ከአዳራሹ የሚወጣ ወገን ስለማይኖር የተወሰነውን በሥራ ለማዋል ይቀላል። ድክመቱም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነው። ጊዜ ይወስዳል። የሚናገረው ሽማግሌና ባለሥልጣን ብቻ ከሆነ የወጣቱና የሴቲቱ ዝምታ እንደ ስምምነት ተቆጥሮ በቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። በኬንያ የኩዌከር ሴቶች የራሳቸው ማኅበርና የራሳቸው ጉባኤ ያላቸው መሆኑ ከዚህ አንጻር ትልቅ ትርጉም አለው። በዋናው አዳራሽ ያልተሰማው ሐሳብ በሌላ መድረክ ተብላልቶ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ከመሬት የጀመረ፣ በመሬት የተፈተነ

ዓመታዊ ጉባኤው ስለ እምነት ብቻ የሚነጋገር ቢሆን ኖሮ ጭቅጭቁ ባልበዛ ነበር። ነገር ግን ብዙ የጋራ ሀብት አለ። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር በካይሞሲ ለሚስዮኑ የሰጠው መሬት ወደ 1,000 ኤከር ማለትም 400 ሔክታር ገደማ ነበር። መሬቱን የሰጠው መንግሥት እንጂ በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ አልነበረም።

ቪሂጋ በኬንያ ሕዝብ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። በ2019 የሕዝብ ቆጠራ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ1,000 በላይ ሰው ይኖር ነበር። አባት ለልጆቹ፣ ልጆቹም ለልጆቻቸው እያካፈሉት መሬቱ ጠብቧል። በጠባቡ ማሳ ላይ በቆሎና ባቄላ በአንድነት ይዘራል፤ በዳሩ ሙዝና የዝሆን ሣር ይተከላል፤ አንዲት የወተት ላም ታስራ ትቀለባለች። በዚህ ሁሉ መካከል የቤተ ክርስቲያን ይዞታ የሆነ ሰፊ መሬት ሲታይ ዓይን ይስባል። የካይሞሲ ደን ከምዕራብ ኬንያ ጥንታዊ ጥቅጥቅ ደን የተረፈ ቁራጭ ነው። የማገዶ፣ የጣውላ፣ የሻይና የባሕር ዛፍ ፍላጎት ግን በየአቅጣጫው ሲገፋው ኖሯል።

የጋራ ሀብቱ መሬት ብቻ አይደለም። በካይሞሲ ሆስፒታል፣ የነገረ መለኮት ኮሌጅና ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በዚያው የተመሠረተው የከፍተኛ ትምህርት ተቋምም የካይሞሲ ወዳጆች ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በቡንጎማ በኩል ካሙሲንጋና የሉጉሉ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት በአገሪቱ የታወቁ ናቸው።

ለገጠር ነዋሪ በተለይ የሚጠቀሰው የቻቫካሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአካባቢው ወዳጆች ጥረት ከተቋቋመ በኋላ፣ ግብርና በኬንያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ መንገድ ከከፈቱት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኗል። ተማሪው በክፍል የተማረውን በማሳ ላይ እንዲሞክር ያደረገው አሠራር ኋላ ወደ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ተዛምቷል።

ዛሬ የእነዚህ ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ መምህራን ደመወዝ የሚከፈላቸው ከመንግሥት ነው። ቤተ ክርስቲያኗ በሕግ ያላት ቦታ የ«ስፖንሰር» ነው። የ2013 የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ ስፖንሰሩ በትምህርት ቤቱ ቦርድ እንዲወከል፣ በመንፈሳዊ ጉዳይ እንዲመክርና በገንዘብም ሆነ በግንባታ እንዲያግዝ ይላል። ስለዚህ በቦርዱ ማን ይወከል፣ የተዋጣው ገንዘብ የት ገባ፣ ርእሰ መምህሩ ከየት መጣ የሚሉ ጥያቄዎች ተጠራቅመው ወደ ዓመታዊው ጉባኤ ይመጣሉ። በመንደር ደረጃ መባውን የሰጠው አርሶ አደር በዚያ አዳራሽ የሂሳብ ሪፖርት ሲነበብ የመስማት መብት አለው። የጉባኤው ትልቁ ኃይል እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ያዡ ገንዘቡን በሰጡት ሰዎች ፊት ይቆማል።

አንዱ ጉባኤ እንዴት ከ20 በላይ ሆነ?

የምሥራቅ አፍሪካ ዓመታዊ ጉባኤ የተቋቋመው በ1946 ነው። ኬንያ ነጻ ከወጣች በኋላ የሚስዮኑ ንብረት ከአሜሪካውያኑ ወደ ጉባኤው ተላለፈ። በዚያን ጊዜ ጉባኤው አንድ ነበር፤ ከኤልጎን ተራራ ሥር እስከ ናይሮቢ ያለውን ሁሉ ያቅፍ ነበር።

ንብረቱ በእጅ ከገባ በኋላ ጥያቄው መልኩን ለወጠ። ቀደም ሲል «ሚስዮናውያኑ ለምን አይሰጡንም?» የነበረው «ከእኛ መካከል ማን ያስተዳድረው?» ሆነ። ኩዌከሮቹ በብዛት ከሉህያ ሕዝብ የተገኙ ቢሆኑም፣ ሉህያ ራሱ የብዙ ጎሣዎች ስብስብ ነው። የማራጎሊ፣ የቡኩሱና የቲሪኪ ሰዎች ቋንቋቸው ቢቀራረብም አንድ አይደለም። ካይሞሲ ለአንዱ ጎረቤት ነው፤ ለቡንጎማው ሰው ግን የረጅም መንገድ ጉዞ ነው። ቢሮው፣ ሆስፒታሉ፣ ኮሌጁ፣ ከውጭ የሚመጣው እርዳታም በአንድ ቦታ ሲከማች ሩቅ ያለው ወገን ተዘንግቻለሁ ማለቱ አልቀረም።

በ1973 የኤልጎን ወገን ራሱን ችሎ ወጣ። በ1979 የደቡቡ ተከተለ፤ በ1987 ናይሮቢ የራሷን ጉባኤ አቋቋመች። መከፋፈሉ በዚያ አላበቃም፤ ዛሬ በኬንያ ያሉት ዓመታዊ ጉባኤዎች ከ20 በላይ ናቸው። በሥልጣንና በንብረት የተነሳ ወደ ፍርድ ቤት የደረሰ ክርክርም ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የተለያዩት በእምነት አንቀጽ አለመሆኑ ነው። መዝሙራቸው፣ ስብከታቸው፣ የጉባኤ ደንባቸው በአመዛኙ አንድ ነው። የለያያቸው ርቀት፣ ጎሣ፣ የአመራር ፉክክርና ከሁሉ በላይ የጋራ ንብረት አስተዳደር ነበር። ሁሉን በስምምነት እንወስናለን የሚል ማኅበር መተማመን ከጎደለው ምንም መወሰን ያቅተዋል። ውሳኔ ሲጠፋ ደግሞ ቀሪው መፍትሔ መለያየት ይሆናል።

መለያየቱ ግን ጉዳት ብቻ አልነበረም። ትንሽ ጉባኤ ለአርሶ አደሩ ቅርብ ነው፤ ለትራንስፖርት የሚያወጣው ገንዘብ ይቀንሳል፤ ሪፖርት አቅራቢውን በስምና በፊት ያውቀዋል። ጉዳቱ ያለው ሊከፋፈሉ በማይችሉ ሀብቶች ላይ ነው። ደን ለሃያ ተካፍሎ ደን ሆኖ አይቀጥልም። አንድ ሆስፒታል የሁሉም ሲባል ጣሪያውን የሚጠግን ባለቤት ሊያጣ ይችላል። ኬንያውያኑ ኩዌከሮች ለዚህ ችግር የጉባኤዎቹን መሪዎች የሚያገናኝ የጋራ መድረክ በማቋቋም መልስ ለመስጠት ሞክረዋል። የነገረ መለኮት ኮሌጁም የአንዱ ጉባኤ ብቻ ሳይሆን የሁሉንም መጋቢዎች የሚያሠለጥን ሆኖ ቀጥሏል።

የ2007 ምርጫ ያስተማረው

በታኅሣሥ 2007 የተካሄደው ምርጫ ውጤት ሲታወጅ ኬንያ በግጭት ታመሰች። ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 600 ሺህ ያህል ተፈናቀሉ። ኩዌከሮች የሚበዙባቸው የሉጋሪና የቱርቦ አካባቢዎችም ከተመቱት መካከል ነበሩ። በጥር 2008 የየጉባኤዎቹ ተወካዮች በካካሜጋ ከተማ ተሰባስበው የወዳጆች ቤተ ክርስቲያን የሰላም ቡድኖችን አቋቋሙ። ቡድኖቹ ወደ ተፈናቃዮች መጠለያ እርዳታ ይዘው ሄዱ፤ የተጎዱትን አዳመጡ። ቆየት ብሎም ተፈናቃዩንና በመንደሩ የቀረውን ጎረቤት በአንድነት አስቀምጠው ማወያየት ጀመሩ።

ለዘመናት ሰላም ስንሰብክ የኖርን ነን የሚል ማኅበር በራሱ ቀዬ ቤት ሲቃጠል ማየቱ ቀላል አልነበረም። ከዚህም የከበደ ምሳሌ በቡሩንዲ አለ። ከካይሞሲ መሥራቾች አንዱ የነበረው አርተር ቺልሰን በ1934 ወደ ቡሩንዲ ተሻግሮ በኪቢምባ አዲስ ሚስዮን ከፍቶ ነበር። በጥቅምት 1993 ፕሬዚዳንት ሜልኪዮር ንዳዳዬ በተገደሉበት ሰሞን በዚያው በኪቢምባ የቱትሲ ተማሪዎች በእሳት ተቃጥለው ተገደሉ። የሰላም ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መሆኑ ልጆቹን አላዳናቸውም። ከዚያ በኋላ በሥፍራው የተቋቋመው የሰላም ኮሚቴ ሁቱና ቱትሲ ጎረቤቶችን እንደገና ለማገናኘት ብዙ ደክሟል።

ሁለቱ ታሪኮች የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው። የሰላም አቋም በደንብ መጽሐፍ ላይ መጻፉ ብቻውን አይበቃም። በ2008 የካካሜጋው ስብሰባ በፍጥነት ሊጠራ የቻለው ከመንደር እስከ ዓመታዊ ጉባኤ የተዘረጋ፣ ሰዎች በስም የሚተዋወቁበት መዋቅር አስቀድሞ ስለነበረ ነው። ይሁንና መዋቅሩ የተንቀሳቀሰው ከቃጠሎው በኋላ እንጂ በፊት አልነበረም።

መድረኩና ፖስታው

አሁን ያለው ፈተና ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የሉህያ ሕዝብ በኬንያ በብዛት ሁለተኛ ነው፤ ድምፁ ግን በአንድ ፓርቲ ሥር ተጠቃልሎ አያውቅም። ከቪሂጋ የተነሱት ሙሳሊያ ሙዳቫዲ በዊልያም ሩቶ መንግሥት ጠቅላይ የካቢኔ ጸሐፊ፣ ከቡንጎማ የተነሱት ሞሰስ ዌታንጉላ ደግሞ የብሔራዊ ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ሆነው አካባቢውን የሥልጣን ተጋሪ አድርገውታል። ተቀናቃኞችም ይህንኑ ድምፅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ብዙ ሺህ ሰው የሚሰበሰብበት የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ለማንም ፖለቲከኛ አጓጊ መድረክ ነው።

በኬንያ «ሃራምቤ» የሚባለው የመዋጮ ባህል ነገሩን ያወሳስበዋል። ፖለቲከኛው ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ለመዘምራን ልብስ ወይም ለትምህርት ቤት ግንባታ ገንዘብ ይዞ ይመጣል፤ በምላሹም ማይክሮፎን ይሰጠዋል። የ2024ቱ የወጣቶች ተቃውሞ ይህን ልማድ በግልጽ ጠየቀ። በሐምሌ 2024 ፕሬዚዳንት ሩቶ የመንግሥት ሹማምንት በእንዲህ ያለ መዋጮ እንዳይሳተፉ የሚከለክል ሕግ እንዲዘጋጅ አዘዙ። በኅዳር ወር የናይሮቢ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ፕሬዚዳንቱ ለአንድ አጥቢያ የሰጡት ገንዘብ እንዲመለስ ወሰነ። በመጋቢት 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ለአንድ የናይሮቢ ቤተ ክርስቲያን 20 ሚሊዮን ሽልንግ መስጠታቸው ሌላ ተቃውሞ ቀሰቀሰ።

ለኩዌከሮቹ ጉባኤ ይህ ጉዳይ ከሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት የበለጠ ስስ ነው። የካቶሊኩ ሊቀ ጳጳስ በአንድ ደብዳቤ ገንዘብ ይመለስ ማለት ይችላል። በኩዌከሮቹ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ አንድ የበላይ የለም። ስጦታ ይመለስ ወይስ ይቀመጥ የሚለውን ተሰብሳቢው ተነጋግሮ መስማማት አለበት፤ ሰጪው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከ20 በላይ ጉባኤዎች ባሉበት አንዱ እምቢ ያለውን ሌላው ሊቀበለው ይችላል። ችግረኛ አጥቢያ ቆርቆሮ ሲቀርብለት መርሕ ለመጥቀስ አቅም ያንሰዋል። ገንዘቡ ከአባላት መዋጮ እየበለጠ በሄደ ቁጥርም ሂሳብ የሚሰማው ሰው ይለወጣል። ገንዘብ ያዡ መልስ የሚሰጠው መባውን ለሰጠው አርሶ አደር ሳይሆን ለባለ ፖስታው ይሆናል።

ይህን ለመከላከል አዲስ ተቋም መፍጠር አያስፈልግም፤ መሣሪያዎቹ በነባሩ ደንብ ውስጥ አሉ። ከውጭ የመጣ ስጦታ ሁሉ ከነሰጪው ስም በሂሳብ ሪፖርቱ ላይ ሊነበብ ይችላል። እንግዳ ሰላምታ አቅርቦ ከወጣ በኋላ ብቻ የሥራ ስብሰባው ሊጀመር ይችላል። የሁሉንም ጉባኤዎች መሪዎች የሚያገናኘው መድረክ ምርጫው ከመድረሱ በፊት አንድ የጋራ አቋም ይዞ ወደ መንደር ሊያወርደው ይችላል። የሰላም ቡድኖቹም እንደ 2008ቱ ቤት ከተቃጠለ በኋላ ሳይሆን ቅስቀሳው ሳይሞቅ በፊት ሥራ መጀመር ይጠበቅባቸዋል።

እስከ ነሐሴ 2027 ድረስ ባሉት ዓመታዊ ጉባኤዎች መታየት ያለባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። የሂሳቡ ሪፖርት ተሟልቶ ይነበባል ወይስ ለእንግዳ ንግግር ሲባል ያጥራል? ረቂቅ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶችና ሴቶች ለመናገር ዕድል ያገኛሉ? የካይሞሲ ደንና ሆስፒታል በጋራ የሚጠበቁበት መንገድ ይወሰናል ወይስ ለሌላ ዓመት ይተላለፋል? የአንድ ዓመት መዘግየት ለጉባኤው ደንብ የተለመደ ነገር ነው። የምርጫው ቀን ግን ስምምነት እስኪገኝ አይጠብቅም።